አማካይ ደመወዝ የማን ደመወዝ ነው? የዋሽንግተን ስቴት ዘርፎች ረጅም ጉዞ

ሲያትል አካባቢ ቡና ላይ ተደጋግሞ የሚነሳ ነገር አለ። አንዱ ስልኩን እያየ «የዋሽንግተን ስቴት አማካይ ደመወዝ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው አሉ» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «የማን ደመወዝ? የኔ እንዳይሆን!» ይላል። ይሳቃል፣ ወሬውም ወደ ሌላ ይሄዳል።

ቁጥሩ እውነት ነው። የ2021 አማካይ የዓመት ደመወዝ 82 ሺህ 500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። የሰውየውም ኪስ አይዋሽም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለማየት የስቴቱን የሥራና የገቢ መዝገብ በየዘርፉ፣ የብዙ ዓመቱን አንድ ላይ አድርጎ ማንበብ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ብዙዎቻችን የምንኖርባት ከመሆኗም ሌላ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከእንጨት ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ ሶፍትዌር የተገለባበጠች ስቴት ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገቡ ማንን ይቆጥራል?

በዋሽንግተን ሠራተኛ የቀጠረ ድርጅት በየሦስት ወሩ ለስቴቱ ኢምፕሎይመንት ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያስገባል። ማንን እንዳሠራ፣ ስንት እንደከፈለው፣ ስንት ሰዓት እንዳሠራው ይጽፋል። ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚያገኘው አንኢምፕሎይመንት የሚሰላው ከዚህ ነው። የፌዴራሉ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የየስቴቱን ሪፖርት ሰብስቦ በየዘርፉ በሰንጠረዥ ያወጣዋል። ከአገሪቱ ሥራዎች ከ95 በመቶ በላይ እዚህ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ይህ ስልክ እየደወሉ የሰበሰቡት ግምት አይደለም፣ ከደመወዝ መክፈያው የተቀዳ ቆጠራ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚቆጠረው የሥራ ቦታው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ቀን ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚያድር ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በሁለቱም ረድፍ ዝቅተኛ ተከፋይ ሆኖ ይታያል። እሱ ግን ሁለቱ ሲደመር ደህና ገንዘብ ያገኝ ይሆናል፤ በእንቅልፉ ከፍሎ።

ሌላው፣ ለራሱ የሚሠራ ሰው መዝገቡ ውስጥ የለም። ኡበርና ሊፍት የሚነዳው፣ የራሱን ታክሲ የያዘው፣ ትንሿን ሱቅ ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው አይቆጠርም። ከእኛ ሰው ስንቱ በዚህ እንደሚተዳደር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም። «የትራንስፖርት ዘርፍ ደመወዝ ይህን ያህል ደረሰ» ሲባል ስለ ኡበር ሾፌር የተነገረ አንድም ነገር የለም።

ቀጣሪው እንጂ ሠራተኛው አይጠየቅም

እያንዳንዱ ድርጅት እንደ ዋና ሥራው የዘርፍ ኮድ ይሰጠዋል። ሠራተኛው ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው ቀጣሪው ምን እንደሚሠራ ነው። ይህቺን ነጥብ የያዘ ሰው የሰንጠረዡን ግማሽ ተረድቷል ማለት ይቻላል።

አማዞንን ውሰዱ። በ1994 ቤልቪው ውስጥ ከአንድ ቤት ጋራዥ ተነስቶ በ1995 መጽሐፍ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። ሻጭ ስለሆነ ሲያትል ያሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፊዎቹ ለረጅም ዓመታት በብዛት የተቆጠሩት «ችርቻሮ ንግድ» ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ሲያትል ባለችበት በኪንግ ካውንቲ የችርቻሮ ዘርፍ አማካይ ደመወዝ ሌላ ቦታ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ወደ ላይ ሄደ። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው «ሱቅ ውስጥ መሥራት እንዲህ ያዋጣል እንዴ?» ሊል ይችላል። የግሮሰሪዋ ካሸር ግን ምንም አልደረሳትም። አንድ ረድፍ ውስጥ ከሶፍትዌር ኢንጂነር ጋር መቀመጥ ደመወዝ አይጨምርም።

በተቃራኒው ሬድመንድ ሄዳችሁ ማይክሮሶፍትን ተመልከቱ። ምግብ የሚያበስለው፣ ሕንፃውን የሚጠብቀው፣ ማታ ቢሮ የሚያጸዳው በአብዛኛው የኮንትራክተር ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አብሳዩ «ምግብና መስተንግዶ» ውስጥ፣ ጽዳቱና ጥበቃው «የአስተዳደር ድጋፍ አገልግሎት» በሚባለው ረድፍ ውስጥ ይቆጠራሉ። የሶፍትዌሩ ረድፍ ከፍተኛ ተከፋዮቹን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አማካዩም ያብረቀርቃል። ወለሉን የሚጠርገው ሰው ከረድፉ ወጥቷል፣ ከሕንፃው ግን አልወጣም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚገርመኝ የሲታክ፣ ማለትም የሲያትሉ ኤርፖርት ታሪክ ነው። በግንቦት 2005 አላስካ አየር መንገድ ሻንጣ የሚጭኑና የሚያወርዱ 500 የሚጠጉ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አባል ሠራተኞቹን አሰናበተ። ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጠ። ሻንጣው ያው ነው፣ አውሮፕላኑ ያው ነው፣ የሲያትል ዝናብም ያው ነው። የሰዓት ክፍያው ግን በብዙ ወረደ። መዝገቡ ላይ ይህ እንዴት እንደሚታይ አስቡት። «የአየር ትራንስፖርት» በሚለው ንዑስ ዘርፍ ሥራ ይቀንሳል። «ለአየር ትራንስፖርት ድጋፍ የሚሰጡ» በሚለው ይጨምራል። ሁለቱን የሚያቅፈው ትልቁ የትራንስፖርትና የመጋዘን ዘርፍ ከላይ ሲታይ ምንም የተነቃነቀ አይመስልም። የሥራ ብዛትን ብቻ የሚያነብ ሰው «አንድ ሥራ ጠፍቶ ሌላ ተፈጠረ» ብሎ ያልፋል። ምን እንደተፈጠረ የሚያሳየው ከጎኑ ያለው የገቢ መስመር ነው። ሥራና ገቢ ሁልጊዜ አብረው መነበብ ያለባቸው ለዚህ ነው።

የብዙ ዓመት መረጃ ስታነጻጽሩ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ምድቦቹ ራሳቸው ተቀይረዋል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የዘርፍ አመዳደብ በ1997 በአዲስ ተተካ። በድሮው አመዳደብ ሬስቶራንት ችርቻሮ ንግድ ነበር፤ በአዲሱ ከሆቴል ጋር ሆነ። ዛፍ የሚቆርጠው ሰው በድሮው ፋብሪካ ውስጥ እንዳለ ይቆጠር ነበር፤ በአዲሱ ወደ ግብርናና ደን ሄደ። የ1980ውን «ማኑፋክቸሪንግ» ከዛሬው ጋር በቀጥታ የሚያወዳድር ሰው፣ መጋዙን እንደያዘ ጫካው ውስጥ የቆመን ሠራተኛ ሥራ ያጣ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ማንም ሳይጨመርለት አማካይ ሲጨምር

በ2020 ኮቪድ መጣ። ሬስቶራንት ተዘጋ፣ ሆቴል ባዶ ቀረ፣ ኤርፖርት ጭር አለ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን አማካይ ደመወዝ በ10 በመቶ ገደማ ዘለለ፣ 76 ሺህ 700 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ያንን ዓመት ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ስላቅ ይመስላል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሦስት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንዱ በዓመት 120 ሺህ ያገኛል፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 30 ሺህ። ድምሩ 180 ሺህ፣ አማካዩ 60 ሺህ ነው። አሁን ከሁለቱ ዝቅተኛ ተከፋዮች አንዷ ተሰናበተች። ድምሩ 150 ሺህ ሆነ፣ ለሁለት ሲካፈል 75 ሺህ። አማካዩ በሩብ አደገ፣ ለማንም ግን አምስት ሳንቲም አልተጨመረም። እንዲያውም አንዷ ቤቷ ተቀምጣለች። በ2020 የሆነው በአብዛኛው ይኸው ነው። ከላፕቶፑ ጋር ቤቱ የሠራው ደመወዙ ቀጠለ፤ ሳህን የሚያጥበው፣ አልጋ የሚያነጥፈው ከስሌቱ ወጣ።

ለዚህ ነው አማካይ ድንገት ሲዘል መጀመሪያ የሥራ ቁጥሩን የማየው። ሁለቱም አብረው ካደጉ ደስ ይላል። ገቢው ጨምሮ ሥራው ከወረደ፣ ማን ከሥራ እንደወጣ መጠየቅ ነው።

ሌላም የሚያሳብጠው ነገር አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የማይክሮሶፍት ሠራተኞች የተሰጣቸውን የአክሲዮን መብት ወደ ገንዘብ ሲለውጡ ትርፉ መዝገቡ ላይ እንደ ደመወዝ ይገባ ነበር። የሶፍትዌር ዘርፉ ገቢ ከአክሲዮን ገበያው ጋር ሲወጣና ሲወርድ ታየ። ከዚህ ላይ የቦታውን ልዩነት ጨምሩበት። ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ አማካይ ደመወዝ፣ ፖምና ሆፕስ (የቢራ ጌሾ) ከሚለቀምበት ከያኪማ ካውንቲ ከእጥፍ በላይ ነው። የስቴቱ አማካይ ሁለቱን አደባልቆ አንድ ቁጥር ያወጣል። ያ ቁጥር ኪንግም የለም፣ ያኪማም የለም።

ረጅሙ መስመር የሚያርማቸው ወሬዎች

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦይንግ ሲያትል አካባቢ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ያሠራ ነበር። በ1971 ከ40 ሺህ በታች ወረደ። የአውሮፕላን ትዕዛዝ ቀንሶ ነበር፤ ኮንግረስ ደግሞ ከድምፅ የሚፈጥነውን አውሮፕላን ፕሮጀክት ገንዘብ ከለከለ። ያን ጊዜ ሲታክ አጠገብ አንድ ቢልቦርድ ተሰቀለ፦ ከሲያትል በመጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራቱን ያጥፋ የሚል። ከተማዋ ግን አልጠፋችም። ማይክሮሶፍት በ1979 ከኒው ሜክሲኮ ወደ ቤልቪው መጣ። በ1986 ወደ ሬድመንድ ዞሮ በዚያው ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በ1971 ቆሞ የስቴቱን ዕጣ ፈንታ የተነበየ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ «ስቴቱ አለቀለት» ወይም «ስቴቱ ተመነጠቀ» ለሚል ሰው ጆሮ የማልሰጠው ከዚህ የተነሳ ነው። አሁን የቴክ ሌይኦፍ (የሠራተኛ ቅነሳ) ዜና በመጣ ቁጥር የሚወራውንም እዚያው ውስጥ አስገቡት።

ቦይንግ ራሱ አልሞተም። በ2024 መጸው ወደ 33 ሺህ የሚሆኑ ማሽኒስቶች ከሰባት ሳምንት በላይ ሥራ አቁመው፣ በአራት ዓመት ውስጥ 38 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ይዘው ተመለሱ። ሥራ የቀነሰበት ዘርፍ ውስጥ የቀረው ሰው የመደራደር አቅም ላይቀንስ ይችላል። ፋብሪካው ጥቂት ነገር ግን የሠለጠነ ሰው ላይ ከተንጠለጠለ እንዲያውም ይጨምራል።

የእንጨቱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የእንጨት ሥራ ከተሞች ወደነበሩት አበርዲን ወይም ፎርክስ ብትሄዱ ብዙ ሰው የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ «ጉጉቷ ሥራችንን ወሰደችው።» በ1990 ነቁጣማዋ ጉጉት የመጥፋት ስጋት ካለባቸው እንስሳት ተርታ ተመዘገበች። በ1991 ፍርድ ቤት በፌዴራል ደኖች የእንጨት ሽያጭን አገደ፤ በ1994 አዲስ የደን ዕቅድ ወጣ። ብዙ መጋዝ ቤት ተዘጋ፣ ቤተሰብም ተበተነ። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መስመሩን ወደ ኋላ ስትከተሉት ቁልቁለቱ የጀመረው ከጉጉቷ በፊት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወለድ ጣሪያ ነክቶ የቤት ግንባታ ቆመ። መጋዝ ቤቶቹ ሲከፈቱ በአዲስ ማሽን ነበርና የቀድሞውን ያህል ሰው አልፈለጉም። ብዙ ግንድም ሳይሰነጠቅ በመርከብ ወደ ጃፓን ይሄድ ነበር። ጉጉቷ የመጣችው የተዳከመ ዘርፍ ላይ ነው። የአሥር ዓመቱን ሰንጠረዥ ላየ ሰው ጉጉቷ ጥፋተኛ ትመስላለች፤ የአርባ ዓመቱ ከብዙዎቹ አንዷ ያደርጋታል።

አሉሚኒየሙን በአጭሩ ልለፈው። የኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች ርካሽ መብራት ስለሚሰጡ ስቴቱ ውስጥ ብዙ አሉሚኒየም ማቅለጫ ነበር። ዌናቺ አጠገብ የነበረው በ2015 መጨረሻ ሥራ ማቆሙን ሲያስታውቅ ወደ 400 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ያው የወንዙ መብራት ዛሬ የሚስበው እንደ ኩዊንሲ ባሉ ከተሞች ያሉትን የዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም ኮምፒውተር የታጨቀባቸውን ሕንፃዎች ነው። መብራቱን ይጠጡታል፣ የሚቀጥሩት ሰው ግን ጥቂት ነው። የገቢ መስመሩ ያማረ፣ የሥራ መስመሩ የቀጠነ ዘርፍ ማለት ይህ ነው።

ዶላሩም ራሱ ይለወጣል

የረጅም ጊዜ ደመወዝ ስታዩ ዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት እንደሆነ ጠይቁ። ጥሩ ማሳያው የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ነው። በ1998 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ክፍያው በየዓመቱ ከዋጋ ጋር እንዲጨምር ወሰነ። ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ስቴት ዋሽንግተን ነው። በ2001 ክፍያው 6.72 ዶላር ነበር፤ በ2016 9.47 ሆነ። ወደ 40 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ዋጋም በዚያው ዓመታት ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ወጥቷል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቼኩ ሲያድግ የሚገዛው ነገር እዚያው ቆመ።

ከዚያ በ2016 ሌላ የሕዝብ ውሳኔ መጣ። በ2024 ክፍያው 16.28 ደረሰ። በስምንት ዓመት ውስጥ 72 በመቶ ጭማሪ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ዋጋ የጨመረው ግን 30 በመቶ ገደማ ነው። ይህ የእውነት ጭማሪ ነው። ሲያትል ዋጋው ከዚያም ብሶ ስለወጣ፣ ኪራይ ከፋዩ ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ አላየውም ብትሉኝ አልከራከርም።

ለዚህ በር የከፈተችው ኤርፖርቱ ያለባት ትንሿ ሲታክ ከተማ ናት። በኅዳር 2013 ነዋሪዎቿ የ15 ዶላር ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያን በ77 ድምፅ ልዩነት አሳለፉ። ዘመቻው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ብዙ ነበር፤ ቤት እያንኳኳ ድምፅ የጠየቀው ብዙው ዊልቸር የሚገፋው፣ የኪራይ መኪና የሚያጥበው፣ አውሮፕላን የሚያጸዳው ነው። ነገሩ ግን ፍርድ ቤት ገባ። ኤርፖርቱ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች መብቱ የተረጋገጠላቸው የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2015 አምስት ለአራት ከወሰነ በኋላ ነው።

ሲያትል ወደ 15 ዶላር ስትሄድ ምን ሆነ? በ2017 ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት መልስ ሰጡ። የበርክሊ ተመራማሪዎች ሬስቶራንቶችን አይተው ክፍያ ጨመረ፣ ሥራ አልጠፋም አሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዝቅተኛ ክፍያ ሥራዎች ላይ ሰዓት በ9 በመቶ ገደማ ተቆርጧል አለ። ሁለተኛው ይህን ለማየት የቻለው ዋሽንግተን የሥራ ሰዓትን ከሚመዘግቡ ጥቂት ስቴቶች አንዷ ስለሆነች ነው። ግን ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች ከጥናቱ ወጥተው ነበር። ከተማዋም በእድገት እየጋለበች ነበር፤ ከፍ ወዳለ ክፍያ የተሻገረ ሠራተኛ ከዝቅተኛው ረድፍ እንደጠፋ ሊቆጠር ይችላል። በዓመቱ ያው ቡድን የየሠራተኛውን ጉዞ ተከትሎ ሲያይ፣ ሥራ ላይ የቆየው ሰው ተጠቅሟል፣ አዲስ የሚገባው ቀንሷል አለ። እኔ ከሁሉ የማምነው ይህን የመጨረሻውን ነው። «ሰዓት ቆረጡብኝ» የሚለውም፣ «ደህና ጨመሩልኝ» የሚለውም እዚሁ መሃላችን አሉና።

መስመሩ በቀላሉ የማይወርደው ዘርፍ

ሰንጠረዡ ውስጥ በችግር ጊዜም በአብዛኛው ወደ ላይ የሚሄድ ረድፍ ካለ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ነው። በ2008ቱ የኢኮኖሚ ውድቀት ግንባታው ሲፈርስ እንኳ ይህ ቀጥሏል። ሰው ያረጃል፤ ይህ ገበያ አይጠብቅም። ከእኛ ብዙ እናቶችና እህቶች ኬር ጊቨር (ተንከባካቢ) ሆነው የሚሠሩት፣ አንዳንዶቹም የራሳቸውን አዳልት ፋሚሊ ሆም፣ ማለትም ጥቂት አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት የከፈቱት እዚህ ነው።

የዘርፉ አማካይ ደመወዝ ግን ሐኪሙንም፣ ነርሷንም፣ ቤት ለቤት የምትንከባከበውንም አንድ ላይ ያደርጋል። ወደ ንዑስ ዘርፉ ካልወረዳችሁ የማንንም ደመወዝ አታገኙም። የቤት ለቤት እንክብካቤ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። አብዛኛው ክፍያ የሚመጣው ከሜዲኬይድ፣ ማለትም ከመንግሥት ነው። በ2001 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ እነዚህ ሠራተኞች ከስቴቱ ጋር በጋራ እንዲደራደሩ ፈቀደላቸው። ያን ጊዜ ክፍያቸው በሰዓት ከ8 ዶላር በታች ነበር፤ ዛሬ ከ20 በላይ ነው። ይህን ጭማሪ ገበያው ብቻውን አላመጣውም። ስለዚህ የኬር ጊቨር ደመወዝ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዘርፉ ሰንጠረዥ ይልቅ በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ በየሁለት ዓመቱ የሚጸድቀውን የስቴቱን በጀት ቢከታተል ይሻለዋል። ሰንጠረዡ የሚነግረው የተፈረመውን ነው፤ ያውም ወራት ዘግይቶ።